ቤር ክሩዘር ጂ2፦ ከልጄ ጋር ያደገ ቀስት

ይህን ቀስት የገዛሁት በ2015 ዓ.ም. ነው። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ዘንድሮ አሥራ ሁለት ሞላት። በነዚህ ሦስት ዓመታት የጫማዋን ነገር መቁጠር ትቻለሁ። ብስክሌቷም ለታናሽ ወንድሟ ወርዷል። ቀስቱ ግን ያው ነው።

እኔ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ደለስ ኤርፖርት የአውቶቡስ መካኒክ ነኝ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ አዛውንት ፎኪየር ካውንቲ ውስጥ መሬት አለው፣ የልጅ ልጆቹን በየመከሩ አጋዘን ለማደን ይዟቸው ይወጣል። አንድ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ልጠይቀው ሄድኩ። የሱ የልጅ ልጅ ፍላጻ ስታነጣጥር ልጄ አየች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀች። «እዚህ አገር አጋዘን የሚገደለው በመኪና ነው» አለች። ጓሮ የተከለችውን ጎመን ሦስት ጊዜ ከሥሩ ሲግጡባት ነው ሐሳቧን የቀየረችው። (አጋዘን የምንለው ቸግሮን ነው። የአገራችን አጋዘን ጠምዛዛ ቀንድ ያለው ግርማ ሞገሳም ነው፣ የቨርጂኒያው ነጭ ጅራት ከሱ ጋር ዝምድናም የለው። ሌላ ስም ግን አላገኘንለትም።)

ወደ ዕቃው ልመለስ። ክሩዘር ጂ2 ኮምፓውንድ ቀስት ነው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ጎማ መሰል መዘውሮች ያሉት። የሚሳብበት ክብደት ከ5 ፓውንድ እስከ 70 ፓውንድ ይስተካከላል። የመሳቢያው ርዝመት (አውታሩ ወደ ኋላ የሚሳብበት ልክ) ደግሞ ከ12 ኢንች እስከ 30 ኢንች። በሌላ አነጋገር የስድስት ዓመት ልጅም አባትየውም በአንድ ቀስት ይተኩሳሉ። ለማስተካከል ልዩ መጭመቂያ ማሽን አይጠይቅም፣ አሌን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ይበቃል። ለመካኒክ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ቡሎን እያጠበቅኩ ልጄን ማሳደግ ቻልኩ። ክብደቱ 3 ፓውንድ ገደማ ስለሆነ ክንዷ ሳይዝል ትይዘዋለች።

በ12 ፓውንድ ጀመርን። ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ በአሥር ያርድ ስትተኩስ፣ በጋውን ጓሮ ስትተኩስ፣ ቀስ በቀስ ቡሎኑን ግማሽ ግማሽ ዙር እያጠበቅን ባለፈው ነሐሴ 36 ፓውንድ ደረሰች። እስከ መጨረሻው ከተሳበ በኋላ መዘውሩ አብዛኛውን ኃይል ይሸከማል፣ በእጅ የሚቀረው ሲሶ ያህሉ ነው። ይህን ያልሞከረ ሰው አይገባውም፤ እኔም እስክይዘው አልገባኝም ነበር። ልጅ አነጣጥራ ቆይታ ማሰብ የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ቅሬታዬ። ቅሬታው ቀስቱ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ዕቃ የሸጠልኝ ትልቅ ሱቅ ላይ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ቀስቱን ከሰው ስለገዛሁት ፍላጻና ሌላ ሌላውን ፍለጋ ወደዚያ ሄድኩ። ልጁ (ሻጩ ማለቴ ነው፣ ሃያ ዓመት አይሞላውም) ልጄን አንዴ በዓይኑ ለካትና የመሳቢያውን ርዝመት 26 ኢንች አደረገው። ፍላጻውንም ቁጥር 340 ሰጠን። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ፍላጻው ይበልጥ ደረቅ መሆኑን የነገረኝ የለም። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ፍላጻው ወደ ፈለገበት ይሄዳል። አውታሩ ክንዷን እየገረፈ በለዘ። ባለቤቴ በልዙን አይታ «ይሄ ነው አደን?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም።

ያዳነን ከዋረንተን ወጣ ብሎ ያለ ትንሽ ሱቅ ነው፤ ቀስት ብቻ የሚሸጥ፣ አንድ ሽማግሌ ብቻውን የሚሠራበት። እጇን ዘርግታ ግድግዳ ላይ እንድትቆም አደረጋት፣ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ በሜትር ለካ። 58 ኢንች። ለ2.5 አካፈለ፣ 23 ኢንች ገደማ መጣ። «ሦስት ኢንች ሙሉ ረዝሞባት ነው የምትተኩሰው» አለኝ። ፍላጻውን በ600 ቀየረው፣ ለመለካቱ ሳንቲም አልጠየቀም። በዚያው ቀን በ15 ያርድ ሦስት ፍላጻ በአንድ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ልክ ሰካች። ስለዚህ ምክሬ፦ ቀስቱን ከየትም ግዙ፣ የሚለካላችሁን ሰው ግን ምረጡ።

አንድ ነገር ለሀበሻ ወላጅ ለብቻው ልንገር። ቤታችን ሰው አይጠፋም። ባለፈው ዓመት ለልደት የመጣ የአክስት ልጅ ቀስቱን ከሳሎን ጥግ አንስቶ ያለ ፍላጻ ስቦ ሊለቀው ሲል ጮኬ ደረስኩ። ባዶውን ከተለቀቀ ኃይሉ የሚሄድበት ያጣና ቀስቱ ራሱ ሊሰበር ይችላል፣ ስብርባሪው ዓይን ላይ ቢደርስስ? ከዚያ ወዲህ መያዣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው።

ለአደን ፓውንድ ስንት ይበቃል ለምትሉ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ቀስቱ ስለታም ጫፍ ያለውን ፍላጻ ቢያንስ 125 ያርድ መወርወር አለበት፣ የጫፉም ስፋት ከ7/8 ኢንች እንዳያንስ። በ36 ፓውንድ፣ ሲመታ ስለቱ የሚከፈት ጫፍ አልመክርም፣ ለመክፈት የሚያባክነው ኃይል ለልጅ ቀስት ውድ ነው። እኛ ሁለት ስለት ያለው፣ የማይንቀሳቀስ ነው የተጠቀምነው። እሷም የአዳኝነት ትምህርቱን ወስዳ ፈተናውን አልፋለች።

ጥቅምት 1 ቀን ቅዳሜ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ከቤት ወጣን። የአዛውንቱ ማሳ ጫፍ ላይ፣ ነጭ ኦክ ዛፎች ፍሬያቸውን ያረገፉበት ቦታ፣ የተተከለች ድንኳን ውስጥ ገባን። ቆሎ ይዘን ነበር፤ ቆሎ ለአደን እንደማይሆን ያወቅነው ያኔ ነው፣ በዚያ ጸጥታ አንዷ ሽምብራ እንደ ድንጋይ ትሰበራለች። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሦስት እንስቶች መጡ። የመጀመሪያዋ ፊቷን ወደኛ አዙራ ቆመች። ልጄ ሳበች። በዚያ አቋም ፍላጻ አይለቀቅም፣ ደረት አጥንት ይመታል። ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ አጋዘኗ አልዞረችም። ከዚያ ቀስ ብላ መልሳ አላላችው። ድምፅ የለም። ቀስቱን የወደድኩት በዚያች ደቂቃ ነው፤ የ36 ፓውንድ ቀስት ያለ ኮሽታ መመለስ ቀላል አይደለም።

ሁለተኛዋ በ16 ያርድ ጎኗን ሰጠች። እንደገና ሳበች፣ ለቀቀች። አጋዘኗ ዘላ ጫካ ገባች። ሽማግሌው እንዳስተማረን ሠላሳ ደቂቃ በሰዓት ቆጥረን ተቀመጥን፤ ቶሎ ከተከተሏት ትነሳና ትሸሻለች። የልጄ ጉልበት ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የኔም። ቅጠሉ ላይ ያገኘነው ደም ቀላ ያለ፣ አረፋ ያለው ነበር፤ ሳንባ ነው። ከሰባ እርምጃ አላለፈችም።

«አባዬ፣ ዓይኗ ለምን አልተከደነም?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። እግሯን ያዢልኝ አልኳት፣ ያዘችልኝ። ከዚያ አጋዘኗን በስልክ አስመዘገብን፣ ሆድ ዕቃውን አወጣን፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ወደ በረዶ።

ቤት ስንደርስ አማቴ በሩ ላይ ናቸው። «ተባርኮ ታርዷል?» አሉ።

«በፍላጻ ነው እማማ።»

«እንግዲያ ብክት ነው።»

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ላይ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ተቆጥረዋል ብዬ ሞከርኩ። «ንጹሕ መሆኑና መታረዱ ለየቅል ነው» ብለው ዘጉኝ፣ እውነታቸውን ነው። ለነገሩ የጽጌን ጾም ስለሚጾሙ ቢታረድም አይቀምሱም። የቀረነው ጠበስነው። ስብ የሚባል የለውም፣ ቅቤና የጥብስ ቅጠል ካልበዛ ይደርቃል። ክትፎ የጠየቀኝ ወንድሜን እምቢ ብዬዋለሁ፣ የዱር ሥጋ ጥሬውን አይበላም። ደብረ ማርቆስ ያለው አጎቴ ደግሞ በቪዲዮ ሲያያት ተነስቶ ፎከረ፤ «ግዳይ ጣለች!» እያለ። ልጄ አንድ ቃል አልገባትም፣ ግን ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ቀስቱ ለማን አይሆንም? ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ኢንች ስለሆነ ለረጅም አዋቂ አጭር ነው፣ አውታሩ አፍንጫ አጠገብ በጠባቡ ይታጠፋል። ለልጅ ግን ከአምስት አምስት ሰጥቼዋለሁ። እኔ 180 ዶላር ከፍዬ ነው ያገለገለውን ያገኘሁት፣ ከነማነጣጠሪያው።

ትናንት ማታ እራት ላይ አሌን ቁልፉን ይዛ መጣች። 38 ይሁንልኝ አለች። ከላይ ግማሽ ዙር፣ ከታች ግማሽ ዙር አጠበቅን። ስባ አየችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ መልሳ አላላችው። «ነገ» አለች።