አረር ከመትከልዎ በፊት የመለኪያ መሣሪያ ይግዙ፦ የካሊፐር፣ የማነጻጸሪያና የመትከያ ንጽጽር

ለጠመንጃው ጥይት በእጁ የሚያዘጋጅ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ የሚያፈስበት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ባለ ማይክሮሜትር አረር መትከያ ነው፤ ይህም አረሩን፣ ማለትም ሲተኮስ የሚወጣውን የጥይቱን ክፍል፣ በባዶው ቀለሃ አንገት ውስጥ በሚፈለገው ጥልቀት የሚያስገባ፣ ጥልቀቱም በቁጥር የሚስተካከል መሣሪያ ነው። እኔም እንደዚያ አደረግሁ። ሁለት ወር ሙሉ ቁጥሩን ሳሽከረክር ከረምሁ፤ በካሊፐር፣ ባለ መንጋጋ የርዝመት መለኪያ፣ ስለካው ግን ከአንዱ ጥይት ወደ ሌላው ርዝመቱ እስከ ሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ይለያይ ነበር። መትከያው ጉድለት አለበት ብዬ ልመልሰው ስዘጋጅ ነው ጥፋቱ ያለው ከአለካኬ እንደሆነ የገባኝ። የምለካው ከቀለሃው መቀመጫ እስከ አረሩ ሹል ጫፍ ድረስ ነበር። ጫፉ ደግሞ፣ በተለይ ቀዳዳ ባላቸውና ለስላሳ እርሳስ በወጣባቸው አረሮች፣ ከፋብሪካ እኩል ሆኖ አይወጣም። መትከያው አረሩን የሚገፋው ከጫፉ ሳይሆን ከጉንጩ፣ ማለትም ከጫፉ በታች እየሰፋ ከሚሄደው ጎኑ፣ ስለሆነ ሥራውን በትክክል ሠርቶ ነበር።

ስለዚህ ንጽጽሩን የምጀምረው ከመለኪያው ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ርቀቶችን እንለይ። የመጀመሪያው የጥይቱ ጠቅላላ ርዝመት ሲሆን ጥይቱ ካዝናው ውስጥ መግባት አለመግባቱን ይወስናል። ሁለተኛው አረሩ ከቀለሃው አንገት ተነሥቶ በቱቦው ውስጥ ያሉትን ጠምዛዛ ጥርሶች እስኪነካ ድረስ ባዶውን የሚሄደው ርቀት ነው፤ ዝላይ እንበለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 የተቋቋመው የአሜሪካ የጥይት አምራቾች የደረጃ ተቋም፣ ሳሚ፣ ለ.308 ዊንቸስተር ጥይት 71.37 ሚሊ ሜትር፣ ለ.30-06 ስፕሪንግፊልድ ደግሞ 84.84 ሚሊ ሜትር ከፍተኛ ጠቅላላ ርዝመት ወስኗል። ይህ ወሰን ጥይቱ በማንኛውም ጤነኛ ጠመንጃ እንዲሠራ ያደርጋል። የእርስዎ ጠመንጃ ጥርሶች የት እንደሚጀምሩ ግን አይነግርዎትም፤ ለዚያ ነው ወደ መሣሪያ የምንሄደው።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። አረሩ ጥርሶቹን ነክቶ ሲቆም የመነሻው ግፊት ይጨምራል፤ ከመጠን በላይ ጠልቆ ሲተከልም ለባሩዱ የቀረው ቦታ ስለሚጠብ ግፊቱ ይነሣል። ጥልቀቱን በቀየሩ ቁጥር በታተመ የመጫኛ መመሪያ ላይ ወዳለው ዝቅተኛ የባሩድ መጠን ተመልሰው እንደገና ቀስ በቀስ ይጀምሩ። ጥይት በእጅ ማዘጋጀት በሚኖሩበት አገር ሕግ የተፈቀደ መሆኑንም አስቀድመው ያረጋግጡ።

ካሊፐር

ሦስት ዓይነት አለ፦ ባለ ቬርኒየር፣ ባለ ሰዓትና ዲጂታል። ባለ ቬርኒየሩ ባትሪ አይፈልግም፣ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ነገር ግን በደካማ ብርሃን መስመሮቹን አመሳስሎ ማንበብ ዓይን ያደክማል። ባለ ሰዓቱን ማንበብ ቀላል ነው፤ ጥርሳማው ሐዲዱ ላይ የባሩድ ቅንጣት ወይም የብረት ብናኝ ከገባ ግን መርፌው ይዘላል። ዲጂታሉ በአንድ ቁልፍ ዜሮ ይሆናል፣ ከኢንች ወደ ሚሊ ሜትርም ይቀይራል፤ ለዚህ ሥራ ከሦስቱ የምመርጠው እርሱን ነው። ምክንያቱ ዜሮ ማድረጉ ነው። ማነጻጸሪያውን ከገጠሙ በኋላ መንጋጋውን ዘግተው ዜሮ ሲያደርጉት በእያንዳንዱ ልኬት ላይ የመቀነስ ሒሳብ ይቀርልዎታል።

መስኮቱ ላይ የሚታየው 0.01 ሚሊ ሜትር ግን የመሣሪያው እውነተኛ ትክክለኛነት አይደለም። እንደ ሚቱቶዮ ያሉ የታወቁ አምራቾች ለ150 ሚሊ ሜትር ዲጂታል ካሊፐር የሚሰጡት የስሕተት ወሰን ወደ ላይም ወደ ታችም 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በ0.01 ልዩነት እንቅልፍ አይጡ። ርካሹና ውዱ በግልጽ የሚለያዩት መንጋጋውን ዘግተው ከፍተው እንደገና ሲዘጉት ነው፤ ጥሩው በየጊዜው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከመግዛትዎ በፊት ይህን አሥር ጊዜ ይሞክሩት።

ማነጻጸሪያ

በእኔ እምነት ከሁሉም አስቀድሞ መገዛት ያለበት ይህ ትንሽ ብረት ነው። በውስጡ ከቱቦው ውስጠኛ ስፋት ጋር የተቀራረበ ቀዳዳ አለው፤ አረሩ በጉንጩ እዚያ ላይ ይቀመጣል፣ እርስዎም ከቀለሃው መቀመጫ እስከ ጉንጩ ድረስ ይለካሉ። ያልተስተካከለው ጫፍ ከልኬቱ ይወጣል። እኔ ያን ሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያሳየኝን ክምር በማነጻጸሪያ እንደገና ስለካው ልዩነቱ ወደ ሦስትና አራት መቶኛ ወረደ።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። የሆርናዲው በካሊፐሩ መንጋጋ ላይ በብሎን የሚታሰር አካል ያለው ሲሆን ለየአረሩ ስፋት የተለያየ ትንሽ ቀለበት ይገባበታል። የሲንክሌሩ ደግሞ ስድስት ቀዳዳዎች ያሉት ባለ ስድስት ጎን ብረት ሲሆን በእጅ ይያዛል። ባለ ስድስት ጎኑ ጠንካራ ነው፤ ብዙ የተለያየ ስፋት ላለው ሰውም ምቹ ነው። ሆርናዲው ከካሊፐሩ ጋር አንድ ሆኖ ስለሚቆም አንዱ እጅ ነጻ ይሆናል፤ ሃምሳ ጥይት ለሚለካ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የትኛውንም ይግዙ፣ ቁጥርዎን ከጓደኛዎ ቁጥር ጋር አያወዳድሩ። የቀዳዳዎቹ ስፋትና የጠርዛቸው አቆራረጥ ስለሚለያይ አንዱ አረር በሁለት ማነጻጸሪያ ሁለት ቁጥር ይሰጣል።

ጥርሶቹ የሚጀምሩበትን ማግኘት

እዚህ ላይ ምርጫው ሰፋ ይላል፤ ሁሉም ዕቃ መግዛትን አይጠይቅም።

አንደኛው መንገድ ዘንግ ያለው መለኪያ ነው። ከኋላው ተበስቶ የብሎን ጥርስ የወጣለት ቀለሃ ዘንጉ ላይ ይታሰራል፣ አረሩ በልቅ ይገባል፣ ከዚያ ጥርሱን እስኪነካ ድረስ በዘንጉ ይገፋል። ዘንጉ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀጥተኛው ከኋላ በኩል ቱቦው ለሚታይ፣ መቀርቀሪያው ለሚወጣ ጠመንጃ ነው፤ ጠማማው በጎን መስኮት ብቻ ለሚገባባቸው ከፊል አውቶማቲክና ባለ ማንሻ ጠመንጃዎች ነው። ሁለት ድክመቶች አሉት። ፋብሪካው የሚሸጠው ቀለሃ በእርስዎ ማጉረሻ (ጥይቱ በሚቀመጥበት የቱቦው የኋላ ክፍል) ውስጥ ተተኩሶ ቅርጽ የያዘ ስላልሆነ የትከሻው (ቀለሃው ወደ አንገቱ የሚጠብበት ክፍል) ቦታ ትንሽ ሊለይ ይችላል፣ ያ ልዩነትም ሙሉ በሙሉ ወደ ቁጥርዎ ይገባል። መፍትሔው የራስዎን የተተኮሰ ቀለሃ ለብረት ሠራተኛ ሰጥቶ ማስበሳት ነው። ሌላው የእጅ ግፊት ነው፤ ጠንከር አድርገው ሲገፉ አረሩ ጥርሱ ውስጥ ይሰነቀራል። አምስት ጊዜ፣ በቀላል እጅ፣ ለክተው መካከለኛውን ይውሰዱ።

ሁለተኛው አንገቱ በቀጭን መጋዝ የተሰነጠቀ ባዶ ቀለሃ ነው። አረሩ በሰንጣቃው አንገት ይያዛል፣ መቀርቀሪያው ሲዘጋ ጥርሶቹ ወደ ኋላ ይገፉታል። ወጪ የለውም። ሲወጣ ግን አረሩ ጥርሱ ላይ ተጣብቆ ወደ ፊት ሊጎተት ይችላል፤ ያን ጊዜ ከእውነቱ የረዘመ ቁጥር ያገኛሉ። ለመጀመሪያ ግምት እንጂ ለመጨረሻ ልክ አልመክረውም።

ሦስተኛው፣ የማከብረው መንገድ፣ መምቻውና ማስወጫው በወጡለት መቀርቀሪያ መሞከር ነው። ባሩድም መቀጣጠያም በሌለው ጥይት ላይ አረሩን በጣም አርዝመው ይተክላሉ፤ ከዚያ በጥቂት መቶኛ ሚሊ ሜትር እያጠለቁ መቀርቀሪያው ያለ ምንም መያዝ በራሱ ክብደት ወደ ታች እስኪወርድ ድረስ ይሞክራሉ። የሚሰጠው ቁጥር ደጋግመው ቢለኩት የሚጸና ነው። ነገር ግን ለከፊል አውቶማቲክ አይሆንም፤ መቀርቀሪያውን መፍታት የማይችል ሰውም አይጀምረው። ካሊፐርና ማነጻጸሪያ ካለዎት ሌላ መሣሪያ ሳይገዙ ይህን መሥራት መቻልዎ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል።

መትከያ

ተራው መትከያ ብሎኑን በእጅ እያዞሩ በግምት የሚስተካከል ነው። የአብዛኞቹ መትከያዎች ውጫዊ አካል በኢንች 14 ጥርስ ስላለው አካሉን አንድ ጊዜ ሙሉ ማዞር 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ አምስት መቶኛ ሚሊ ሜትርን በጣት መፈለግ ትዕግሥት ይጠይቃል። ይቻላል ግን፤ ከለኩ በኋላ ብሎኑን ካሰሩት ለአንድ ዓይነት አረር ዓመታት ያገለግላል። በዚህ መደብ የሊው መትከያ የተለየ ነገር አለው፦ የቀለሃ መያዣው የመትከያውን ሥር እስኪነካ ድረስ ስለሚወጣ የፕሬሱ (መትከያው የሚታሰርበት መጫኛ መሣሪያ) መለመጥ ጥልቀቱን ብዙ አይለውጠውም።

የሬዲንግና የፎርስተር ባለ ማይክሮሜትር መትከያዎች በአንድ ምልክት 0.025 ሚሊ ሜትር ይንቀሳቀሳሉ። ከቁጥሩ ይልቅ የምወድላቸው ግን አረሩና ቀለሃው ከመጋጠማቸው በፊት ሁለቱንም ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ተንሸራታች እጅጌ ነው። ብዙ ዓይነት አረር ለሚቀያይር ሰው ገንዘቡን ያወጣሉ። አንድ ጠመንጃና አንድ አረር ብቻ ካለዎት ግን ተራው ይበቃዎታል፤ ትርፉን ማነጻጸሪያ ላይ ያውሉት። የዊልሰን የእጅ መትከያ፣ በትንሽ የእጅ ፕሬስ የሚሠራው፣ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው የሚወዳደሩ የቤንች ተኳሾች ምርጫ ነው፤ ሥራው የጠራ ቢሆንም አዝጋሚ ነው።

የትኛውንም ሲገዙ የመግፊያውን፣ ማለትም አረሩን ወደ ታች የሚጫነውን ክፍል፣ ውስጡን ይዩ። ረጅምና በጣም ሹል አረር በተራው መግፊያ ውስጥ በጫፉ ሊያርፍ ይችላል፤ ያን ጊዜ ያልተስተካከለው ጫፍ ጥልቀቱን ይወስናል፣ ባለ ማይክሮሜትርም ሆነ አልሆነ። ለእነዚህ አረሮች ተብሎ ጠለቅ ተደርጎ የተሠራ መግፊያ አለ።

ይህ ሁሉ የማያስፈልገው ሰውም አለ። አረርዎ የመቆንጠጫ ቀለበት (በዙሪያው የተቀረጸ ጎድጓዳ መስመር) ካለውና ቀለሃው እዚያ ላይ የሚቆነጠጥ ከሆነ ጥልቀቱ ተወስኗል። ካዝናዎ አጭር ሆኖ አረሩ ከጥርሱ በሩቅ እንዲቆም የሚያስገድድ ከሆነም ተራ ካሊፐርና ተራ መትከያ ይበቃሉ። ሙሉ መዳብ አረር የሚጠቀም ሰውም ጥርሱን ለመጠጋት አይቸኩል፤ ባርንስ ለአረሮቹ ቢያንስ 1.27 ሚሊ ሜትር ዝላይ እንዲተው ይመክራል።

ከገዙ በኋላ ከምትለኩባቸው አረሮች አንዱን፣ ከመጀመሪያው ቁጥር ጋር በወረቀት ጠቅልለው ያስቀምጡ። ሙቀትና ጋዝ ጥርሶቹን እየበላ ወደ ፊት ይገፋቸዋል። ከጥቂት መቶ ተኩስ በኋላ በዚያው አረር፣ በዚያው ማነጻጸሪያ ደግመው ሲለኩ ቱቦዎ ምን ያህል እንደሄደ በሚሊ ሜትር ያዩታል።