ብሎክ ለሚቆርጡልን ጋሼ ምስጋና፣ ለእናንተ ደግሞ ጥቆማ

የጡት ናሙና በፓራፊን ብሎክ (ናሙናው በተቀበረበት የሰም ቁራጭ) ይዛችሁ «ይሄን ማን ይቁረጥልኝ?» እያላችሁ ለምትዞሩ የድህረ ምረቃ ተማሪዎች ነው የምጽፈው። ሰው አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የፓቶሎጂ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ስማቸውን እዚህ እንዳላወጣ አስጠንቅቀውኛል፣ ስልካቸው እንዳይጨናነቅ። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ።

የኔ ጥናት ማይክሮ አር ኤን ኤ ላይ ነው። ለማያውቃት ሰው፣ 22 ገደማ ፊደላት ብቻ ያሏት የአር ኤን ኤ ቁራጭ ናት። ራሷ ፕሮቲን አትሠራም። ሥራዋ ከጂን የወጣውን መልእክተኛ አር ኤን ኤ ይዛ ፕሮቲን እንዳይሠራበት ማድረግ ወይም ቶሎ እንዲፈርስ ማስደረግ ነው። ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን ግኝቱን በ1993 እ.ኤ.አ. ትል ላይ አሳተሙ፣ በ2024 የኖቤል ሽልማት ወሰዱበት። 31 ዓመት መሆኑ ነው። («መመረቂያሽ መቼ ነው?» ለሚሉኝ ዘመዶቼ ይድረስልኝ።)

ጡት ደግሞ ለዚህ ጥናት የተመቸ አካል ነው። አብዛኛው እድገቱ የሚመጣው ከተወለድን በኋላ ነው። በጉርምስና ቧንቧዎቹ ቅርንጫፍ ያወጣሉ፣ በእርግዝና ወተት አመንጪ ህዋሶች ይበዛሉ፣ ማጥባት ሲቆም እነዚያው ህዋሶች ይፈርሳሉ። በየደረጃው የትኛው ህዋስ ምን ይሁን የሚለውን ከሚቆጣጠሩት መካከል ማይክሮ አር ኤን ኤዎች አሉበት። ለምሳሌ ሚር-200ሲ («ሚር» ማለት ማይክሮ አር ኤን ኤ ነው) የጡት ግንድ ህዋስ፣ ማለትም ሌሎቹ የጡት ህዋሶች የሚገኙበት እናት ህዋስ፣ ራሱን ለማብዛት የሚጠቀምበትን ቢኤምአይ1 የተባለ ፕሮቲን ይቀንሳል።

የሚር-200 ቤተሰብ በካንሰር በኩልም ስሙ ይነሳል። ህዋሶችን እርስ በርስ የሚያያይዝ ኢ-ካድሄሪን የሚባል ፕሮቲን አለ። ዜብ1 እና ዜብ2 የሚባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች እሱን ያፍናሉ፤ ሚር-200 ደግሞ ሁለቱን ዜቦች ያፍናል። ዜቦቹም ዝም አይሉም፣ መልሰው ሚር-200ን ያፍናሉ። ዜቦቹ ካሸነፉ ህዋሱ ከጎረቤቶቹ ተላቆ መጓዝ ይጀምራል። ነገሩ ግን ቀጥ ያለ አይደለም። የካንሰር ህዋስ ሩቅ አካል ደርሶ እዚያ እንዲሰፍር ሚር-200 እንደሚያግዝ በአይጥ ላይ ታይቷል። ስለዚህ «ጥሩዋ» እና «መጥፎዋ» ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚሉ ርዕሶችን ስታዩ ጠርጠር አድርጉ።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። ናሙናው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን ረጃጅሙን አር ኤን ኤ ይቆራርጠዋል። ማይክሮ አር ኤን ኤ ግን ድሮም አጭር ስለሆነች ከዓመታት በኋላም ከብሎክ ውስጥ ትገኛለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪዘር ውስጥ ስላለ ናሙና ለምንጨነቅ ሰዎች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን አቆራረጡ ከተበላሸ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ጋሼ ለእያንዳንዱ ታካሚ ብሎክ አዲስ ምላጭ ያስገባሉ። ብሎኩን በስሱ የሚቆርጠውን መሣሪያ፣ ማይክሮቶሙን፣ በየመሃሉ ይወለውላሉ። አየር የነካቸውን የመጀመሪያዎቹን ቁራጮች ይጥላሉ። 4 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ቆርጠው ቀለም ለሚቀባው የመስታወት ስላይድ ያወጣሉ፣ ከዚያ 10 ማይክሮን ውፍረት ያላቸውን አር ኤን ኤ ለሚወጣበት ቱቦ። ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም) ስላይዱ ላይ በከበበው መሠረት ዕጢውን ከጤነኛው ለይተው ነው የሚሰጧችሁ።

በጣም የማመሰግናቸው ግን በአንድ ጥያቄያቸው ነው። ጤነኛ የወተት ቧንቧ ማይክሮስኮፕ ስር አስቀምጠው «ስንት ረድፍ ይታይሻል?» አሉኝ። ሁለት ነው። የውስጦቹ ቧንቧውን ከውስጥ ይሸፍናሉ፤ የውጪዎቹ ጠፍጠፍ ያሉ ናቸው፣ ተኮማትረው ወተቱን ይገፋሉ። ቀጥሎ ከቧንቧው ጥሶ የወጣ ካንሰር አስቀመጡልኝ። የውጪው ረድፍ የለም። «እና ልጄ፣ አንቺ የምትለኪው ነገር የየትኛው ረድፍ ነው?»

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ሚር-145 እና ሚር-205 ጤነኛ ጡት ውስጥ በዋናነት ያሉት በውጪው ረድፍ ላይ ነው። ጤነኛውንና ዕጢውን ፈጭተን ብንለካ ዕጢው ላይ ቀንሰው እናገኛቸዋለን። ግን የቀነሱት ህዋሱ ውስጥ ነው ወይስ ህዋሱ ራሱ ስለሌለ? ከቱቦ የሚወጣው ቁጥር ይሄን አይነግራችሁም። ስላይዱን ማየት የግድ ነው። አማካሪዬ ጥያቄውን ሲሰሙ «ይሄ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይወጣዋል» አሉ፣ እውነትም ወጣው።

እንከን አላቸው? አዎ፣ ቸኩላችሁ ከሆነ እሳቸው ጋ አትሂዱ። ተራ ያስጠብቃሉ። የሥነ ምግባር ፈቃድ ደብዳቤና የሆስፒታሉን ስምምነት ሳያዩ ብሎክ በእጃቸው አይነኩም፤ «ነገ አመጣለሁ» አይሠራም። ያለ ጓንት ቱቦ የነካውንም ይቆጣሉ፣ ፕሮፌሰርም ቢሆን። ክፍያቸው ግን ተማሪ የሚችለው ነው፣ ደረሰኝም ይሰጣሉ።

በዚያው ሁለት ነጻ ድረ ገጾች ልጠቁም። ሚርቤዝ የማይክሮ አር ኤን ኤዎች መዝገብ ነው። ታርጌትስካን ደግሞ የቷ ማይክሮ አር ኤን ኤ የትኛውን ጂን ልትይዝ እንደምትችል ይተነብያል። ዜብ1ን ፈልጉና ሚር-200 ስንት ቦታ ላይ እንደተደረደረ ተመልከቱ።

ደግሞ እባካችሁ፣ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት የጋሼን ስልክ እንዳትጠይቀኝ። ይሄ የምርምር ሥራ ነው። እሷ መሄድ ያለባት ሐኪም ጋ ነው፣ ዛሬውኑ።

ጋሼ፣ ፌስቡክ እንደሌለዎት አውቃለሁ፤ ልጅዎ ታነብልዎታለች። እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ።

እሳቸው ጋ የምትሄዱ ደግሞ ስላይዳችሁ ላይ መለያውን በእርሳስ ጻፉ። የእስክሪብቶ ቀለም ሰሙን በሚያሟሟው ፈሳሽ፣ ዛይሊን ውስጥ ሲገባ ይለቃል፣ ያኔ ጋሼ ከነስላይዳችሁ ይመልሷችኋል።