መንገድ ዳር የበቀለ ኦርኪድ፦ በስልክ መተግበሪያ ወይስ በአጉሊ መነጽር?

የኦርኪዱን ዝርያ ለመለየት፣ ለፍጥነት ከሆነ መተግበሪያው ይበልጣል። ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ከላይ የተነሳ አንድ ፎቶ ብቻ ሲሰጡት ነው። አበባውን ፊት ለፊትና ከጎን፣ ቅጠሉን፣ ከዚያም ሙሉ ተክሉን ያንሱለት። እንዲያም ሆኖ መልሱን እስከ ጂነስ (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚይዝ ወገን) ድረስ ብቻ ማመን ይሻላል፤ ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚለየው ነገር ብዙ ጊዜ ፎቶ ላይ አይታይም።

10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር እዚያ ላይ ያሸንፋል። መጀመሪያ የሚታየው ከንፈሩ፣ ማለትም ከሌሎቹ የተለየው የአበባ ቅጠል ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች በብዛት የሚገኘው ኤፒፓክቲስ ሄሌቦሪን የተባለው ኦርኪድ ከከንፈሩ ኋላ ቀንድ መሳይ የማር ከረጢት የለውም። የከንፈሩ የውስጥ ግማሽ ጽዋ መሳይ፣ ጥቁር ቡናማና ማር ያዘለ ነው፤ የፊቱ የልብ ቅርጽ አለው፣ ጫፉም ወደ ታች ይታጠፋል። ገና የተከፈተ አበባ መሃሉን በቀጭን የሣር ጫፍ ነካ ያድርጉት፦ የአበባ ዱቄቱ እንደ ጓል ተጣብቆ ከወጣ ይኸው ዝርያ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። በራሳቸው የአበባ ዱቄት ዘር የሚይዙ ዘመዶቹ ዱቄቱን የሚያጣብቀው ነገር ብዙውን ጊዜ የላቸውም። በቆየ አበባ ላይ ግን ሙከራው ያታልላል።

ቅጠል ብቻ ካለ ሁለቱም አያዋጡም፤ እስኪያብብ ይጠብቁ። ነቅሎ መውሰድማ አይታሰብም፦ ከአፈሩ ፈንገስ ሲለይ ብዙውን ጊዜ ይሞታል፣ በብዙ አገርም በሕግ ያስጠይቃል።