የኖርዌይ የቤተሰብ ስም ለምትፈልጉ፦ ገንዘባችሁን ያዙ፣ ዲጊታልአርኪቬትን ክፈቱ

ኖርዌይ ውስጥ ከኖርዌጂያን ጋር ትዳር የመሠረታችሁ፣ ልጆቻችሁ «ይሄ ስማችን ከየት መጣ?» እያሉ የሚያፋጥጧችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ሚኒሶታ ያላችሁም አንብቡት። ከጎረቤቶቻችሁ መሀል ሀውገን፣ ዳል ወይም ባከን የሚባል አይጠፋም።

የማወራው ስለ ዲጊታልአርኪቬት ነው። የኖርዌይ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ነው፣ ከ1998 ጀምሮ ያለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ነፃ ነው። ለማየት መመዝገብም መክፈልም የለም። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩበትን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን እንዳትሸወዱ። የባለቤቴ የቤተሰብ ስም ሀውገን ነው። ለአባቱ ልደት ብሎ ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ «የሀውገን ዘር ታሪክና አርማ» የሚል በፍሬም የገባ ወረቀት አዘዘ። ሻጩን ስሙን አልጠራውም፣ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚሸጡት። የመጣው ጋሻና አንበሳ ያለበት ሥዕል ነው፣ ከሥሩ ስለ አንድ ጥንታዊ የሀውገን ቤተሰብ የሚያወራ ጽሑፍ አለ። የትኛው ወረዳ? የትኛው እርሻ? ማን የማን ልጅ? አንድም ነገር የለም። በጣም ነው የተናደድኩት፣ ምክንያቱም «የሀውገን ዘር» የሚባል አንድ ዘር ከነጭራሹ የለም። አብዛኛው የኖርዌይ ገበሬም አርማ አልነበረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ ኖርዌይ ገጠር ውስጥ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም፣ በአባቱ ስምና በሚኖርበት እርሻ ስም ነበር። ኦላ ሀንሰን ሀውገን ሲባል ሀውገን የተባለ ቦታ የሚኖረው የሀንስ ልጅ ኦላ ማለት ነው። እህቱ ካሪ ደግሞ ካሪ ሀንስዳተር ናት። እስከዚህ ድረስ ለእኛ ለሀበሾች ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም፣ የራስ ስምና የአባት ስም ነው። ሦስተኛው ግን አድራሻ ነው፣ እኛ «የላይ ሰፈሩ ከበደ» እንደምንለው። ኦላ ሀውገንን ለቅቆ ሙኤን የሚባል ቦታ ከገባ ኦላ ሀንሰን ሙኤን ይሆናል። ሚስቱ እርሻ ወርሳ እሱ እዚያ ከገባም በእርሻዋ ስም ይጠራል። ስለዚህ ሁለት የአንድ እናት ልጆች በሁለት ስም ሊሞቱ ይችላሉ፣ ምንም የማይዛመዱ ሰዎች ደግሞ አንድ ቦታ ተራ በተራ ስለኖሩ ብቻ በአንድ ስም መዝገብ ላይ ይገኛሉ።

ሀውገን ማለት ጉብታው ማለት ነው። ባከን ዳገቱ፣ ዳል ሸለቆ፣ በርግ ተራራ። ኖርዌይ ደግሞ ጉብታና ዳገት መቼ ቸገራት! በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገጠሩ ሕዝብ እየበዛ ሲሄድ ባለእርሻዎቹ ከመሬታቸው ጥግ ጥግ ቁራሽ እየቆረሱ ለጭሰኛ ሰጡ፣ ጭሰኛው በምላሹ በጉልበቱ ያገለግላል። ቁራሿ ጉብታ ላይ ካለች ሀውገን ተባለች፣ ዳገት ላይ ካለች ባከን። ይሄ በአንድ ቦታ የሆነ ነገር አይደለም፣ ከሸለቆ ሸለቆ እየተደጋገመ ብዙ ጊዜ የሆነ ነው። ስሙ አገሩን የሞላው አንድ ቤተሰብ ስለተዋለደ ሳይሆን ጉብታው ስለበዛ ነው። ዛሬ በብዛታቸው የመጀመሪያዎቹን 20 ደረጃዎች ከያዙት የኖርዌይ የቤተሰብ ስሞች አብዛኞቹ እንደ ሀንሰንና ኦልሰን ያሉ የአባት ስሞች ናቸው፣ ግን በርግ፣ ሀውገንና ሀገን እዚያው መሀላቸው አሉ።

ስሙ የረጋው በኋላ ነው። ከተማ የገባው ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አንድ ስም ይዞ ለልጆቹ ማስተላለፍ ጀምሮ ነበር። በ1923 የወጣው ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የሚወረስ ስም ይኑረው አለ። አንዱ የአባቱን ስም ያዘ፣ አንዱ የእርሻውን። በዚያን ሰዓት ጉብታው ላይ የነበረ ሰው ሀውገን ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ድረ ገጹ። ስሙን ብቻ የቤተሰብ ስም ሳጥን ውስጥ ጽፋችሁ አትፈልጉ። በ1865ቱ የሕዝብ ቆጠራ ላይ ብዙ ሰው የተጻፈው በአባቱ ስም ነው፣ ሀውገን የሚለውን የምታገኙት የመኖሪያ ቦታ በሚለው ሳጥን ነው። ስለዚህ እዚያ ጻፉት፣ ከዚያ ወረዳውን ምረጡ፣ የራሱን ስም ጨምሩ። አጻጻፉም አንድ ዓይነት አይደለም፣ ሀውገን የሚለውን መዝጋቢው በድሮው የዴንማርክ አጻጻፍ «አው»ን «ኦው» አድርጎ ሊጽፈው ይችላል፣ ትሮንደላግ አካባቢ ከሆነ ደግሞ መጨረሻው ሀውጋን ነው። በእርግጠኝነት የማታውቁት ፊደል ላይ የኮከብ ምልክት አስገቡ፣ ሁሉንም ያመጣላችኋል።

የ1801፣ የ1865፣ የ1875፣ የ1891፣ የ1900፣ የ1910ና የ1920 ቆጠራዎች አሉ። ከሁሉም የምወደው የ1865ቱን ነው። የሰዎቹን ስምና ዕድሜ ብቻ አይደለም የሚነግራችሁ፣ ስንት ፈረስ፣ ስንት ላም፣ ስንት በግና ፍየል እንዳላቸው፣ ምን ያህል ገብስና ድንች እንደዘሩ ሁሉ ተጽፏል። የባለቤቴን ቅድመ አያት አባት ያገኘሁት እዚያ ነው፣ ጉድብራንድስዳል ሸለቆ ውስጥ፣ ጭሰኛ፣ አንዲት ላምና ጥቂት በግ፣ የዘራው ገብስና ድንች። ወንድሙ ሌላ ቁራሽ ተሰጥቶት ሄዶ ባከን ተብሏል፣ የሱ ልጆች ዛሬም ባከን ናቸው። አማቼ እነዚያን ባከኖች ዕድሜውን ሙሉ ያውቃቸዋል፣ ዘመዶቹ መሆናቸውን ግን አያውቅም ነበር። ይሄን የትኛው በፍሬም የገባ አንበሳ ይነግረዋል?

የ1910ሩ ደግሞ ሙሉ የልደት ቀን ስላለው ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሰዎች ለመለየት ይረዳል። ከዚያ ቀኑን ይዛችሁ ወደ አጥቢያው የክርስትና መዝገብ ሂዱ፣ የክርስትና አባትና እናቶቹ ስም ከነእርሻቸው ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ ቤተሰቡ ከእነማን ጋር ይቀራረብ እንደነበር የሚታየው እዚያ ነው። ስለ ቦታው ስም ራሱ ማወቅ ከፈለጋችሁ ኦሉፍ ሪግ የተባለው የአርኪዮሎጂ ሊቅ የጀመረው፣ ከ1897 ጀምሮ የታተመ ትልቅ የእርሻ ስሞች ስብስብ አለ፣ እሱም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይፈለጋል።

አሜሪካ ላላችሁ፣ የስደተኞቹ መዝገብም እዚሁ ነው። የመጀመሪያዋ የስደተኞች መርከብ በ1825 ከስታቫንገር ተነሳች፣ በቀጣዮቹ መቶ ዓመታት ወደ 800 ሺህ ሰው አትላንቲክን ተሻገረ። ከኦስሎ (ያኔ ክሪስቲያኒያ) የሄዱት ከ1867 ጀምሮ በፖሊስ መዝገብ ላይ አሉ። እዚያ ሲደርሱ መንደሩ ሁሉ ኦሌ ኦልሰን ስለነበር ብዙዎች የእርሻቸውን ስም ያዙ። ስለዚህ ጉብታው አዮዋ ሜዳ ላይ ደረሰ። ከአዮዋ ለአሜሪካ ኮንግረስ የተመረጠው ጊልበርት ሀውገን ስሙን የተሸከመ የገበሬዎች የዋጋ ድጎማ የሕግ ረቂቅ ነበረው፣ ፕሬዚዳንት ኩሊጅ በ1927ና በ1928 ሁለቴ ውድቅ አደረጉበት። የቋንቋ ሊቁ ኤይናር ሀውገንም በ1906 የተወለደው እዚያው አዮዋ፣ ሱ ሲቲ ነው። ሁለቱን በስማቸው ብቻ ዘመዳሞች ማለት ግን አይቻልም፣ ማስረጃው ያለው እርሻቸው ላይ ነው።

የቀነስኳት ኮከብስ? የድሮዎቹ የቤተ ክርስቲያን መዝገቦች ፎቶ ናቸው፣ በጎቲክ የእጅ ጽሑፍ። ብዙ በጎ ፈቃደኞች አንብበው ገልብጠዋል፣ ግን ሁሉም አልተገለበጠም፣ ያልተገለበጠውን ማንበብ ዓይን ያጠፋል። ድረ ገጹ በእንግሊዝኛም ይሠራል፣ የመዝገቦቹ ይዘት ግን ያው ኖርዌጂያንኛ ነው። ጀማሪ ሰው ከፍለጋ ወደ ፎቶው እንዴት እንደሚሻገር ለመረዳትም ትንሽ ይንገላታል። ልጆች ካሏችሁ አብራችሁ ቁጭ በሉ፣ እነሱ ቶሎ ነው የሚለምዱት።

ስም ለማውጣት ለምታስቡም አንድ ነገር። አሁን በሥራ ላይ ያለው ሕግ ከ200 ሰው በላይ የያዘውን ስም ማንም እንዲወስድ ይፈቅዳል፣ 200ና ከዚያ በታች ከሆነ ግን የባለስሞቹን ፈቃድ ይጠይቃል። ሀውገን ክፍት ነው። ልጆቻችን ሀውገን ናቸው፣ የመሀል ስማቸው ደግሞ የአባቴ ስም ነው፣ እሱንም ሕጉ ይፈቅዳል። እኔ በበኩሌ ሁለቱም እንዲኖሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ጉብታውም ይኑር፣ አያትም ይኑር።

ቆጠራ ለ100 ዓመት በሚስጥር ስለሚያዝ ከ1920 በኋላ ያለውን አሁን ማየት አይቻልም። ቀጣዩ የ1930ው ነው፣ በ2030 ይከፈታል ተብሎ ይጠበቃል። የ1923ቱ ሕግ ከወጣ በኋላ ማን የአባቱን ስም፣ ማን የእርሻውን ይዞ እንደቀረ ቤት ለቤት የሚታየው እዚያ ላይ ነው፣ እኔም በመጀመሪያው ቀን እከፍተዋለሁ።