ሐዋሳ ያሳተምኳቸው የሆላንድ ፎቶዎች

እህቴን ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ሆላንድ ሄጄ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ፒያሳ ባለች አንዲት ፎቶ ቤት አሳተምኩ። የሚያዝያዎቹ የቱሊፕ ማሳዎች በአንጸባራቂ ወረቀት ቀይና ቢጫቸው ሳይደበዝዝ ወጡ። ያስጨነቀኝ በጥር ያነሳሁት ነው፦ ኪንደርዳይክ የምትባለው መንደር፣ ከ19ኙ የንፋስ ወፍጮዎቿ አምስቱ በጭጋግ ውስጥ፣ የቦዩ ውሃ በረዶ ሆኖ። አገሩ ሜዳ ስለሆነ የፎቶው ሁለት ሦስተኛ ሰማይ ነው፤ ግራጫው ከተበላሸ ምንም አይቀርለትም። መጀመሪያ ሰማያዊ መስሎ ወጣ፤ ልቤ ደነገጠ። የፎቶ ቤቱ ልጅ “ይቆዩ ጋሼ፣ ስልክዎ ላይ ያሳዩኝ” ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ቀለሙን አስተካክሎ በማት (በማያንጸባርቅ) ወረቀት ደገመው፤ ጭማሪም አልጠየቀኝም። የሐይቃችንን የማለዳ ጭጋግ ስለሚያውቅ ይመስለኛል ቶሎ የገባው። ፍሬሙ ግን ማዕዘኑ ላይ ክፍተት አለው፤ እሱን ሌላ ቦታ ብታሠሩ ይሻላል።