አዳማ ላይ ግራፊክስ ካርድ ማስቀየር፦ ባለሙያው ጎበዝ፣ ፓወር ሰፕላዩ አስጊ

ለእረፍት መጥቶ «የልጁን ኮምፒውተር ጌም እንዲያጫውት አድርግልን» የሚባል ዘመድ ብዙ ነው። ለዚያ ዋናው ዕቃ የጌሙን ምስል የሚሠራው ግራፊክስ ካርድ ነው። አዳማ ውስጥ ለዚህ ሥራ የተጠቀምኩት በሦስት አገልግሎት ነው፦ በሱቁ፣ በጠጋኙና ከአዲስ አበባ ዕቃ በማስላክ። ሦስቱ እኩል አይደሉም። ዋጋ አልጽፍም፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል።

ማሽኑ ብዙ ቤት የሚገኘው ዓይነት ነው፤ ከቢሮ ወጥቶ በዱባይ በኩል የመጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 አራተኛ ትውልድ፣ ቁመተ ረጅሙ ኬዝ። የእናንተ ስሊም ከሆነ ምርጫው ወዲያው ይጠብባል፤ የሚገባበት ወርዱ ጠባብ የሆነ (ሎው ፕሮፋይል) ካርድ ብቻ ነው።

ፖስታ ቤትና ፍራንኮ አካባቢ ያየኋቸው ሱቆች እንጀራቸው ላፕቶፕ፣ የፕሪንተር ቀለምና ፍላሽ ነው። ግራፊክስ ካርድ ሲጠየቅ ከጓዳ ካርቶን ይወጣል፣ ያውም ያገለገለ። መስተንግዷቸውን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው መለኪያውን ነው። ሻጩ «ባለ 4 ጊጋ ነው» ይላል፣ ገዢውም በጊጋው፣ ማለትም በሜሞሪው መጠን፣ ይወስናል። ጂቲ 730 የሚባል ካርድ ባለ 4 ጊጋ አለ፤ ሜሞሪው ዲዲአር 3 (ቀርፋፋው የድሮ ዓይነት) ሆኖ በሰከንድ የሚያስተላልፈው 14 ጊጋባይት ገደማ ነው። ጂቲኤክስ 1650 ደግሞ በዚያው 4 ጊጋ 128 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። በጊጋ ብቻ የገዛ ሰው የቢሮ ካርድ ይዞ ይገባል።

ከዚህ የባሰው ስሙ የተቀየረ ካርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጂቲኤስ 450 ባዮሱ (ማንነቱን ለኮምፒውተሩ የሚናገረው የካርዱ ውስጥ ፕሮግራም) እንደገና ተጽፎበት «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» እየተባለ በየአገሩ ይሸጣል። የካርዱን ማንነት የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ግቡ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ያሉት ቅጂዎቹ እንዲህ ዓይነቱን ካርድ ከስሙ ፊት «FAKE» (ሐሰተኛ) ብለው ይለጥፉበታል። አርኤክስ 580 ስትገዙ ደግሞ የሼደር (የካርዱ ጥቃቅን አስሊዎች) ቁጥሩን በዚያው ፕሮግራም እዩ፤ ሙሉው 2304 ነው፣ 2048 ካለ አቅሙ የአርኤክስ 570 ነው። ካርዱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ዋጋው የ570 መሆን ስላለበት ነው።

ከዚያ ፈርማርክ የሚባለው ካርዱን በሙሉ አቅም የሚያሠራ መፈተኛ ፕሮግራም ለ15 ደቂቃ ይሩጥ። በእነዚያ ደቂቃዎች ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም ባለቀለም መስመር ከወጣ ሜሞሪው ሳይጎዳ አልቀረም፤ ማሽኑ ድርግም ብሎ ከጠፋ ግን ካርዱን ከመክሰስ በፊት የሱቁን ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ጠርጥሩ። ሙቀቱ 85 ዲግሪ እያለፈ ከሄደ ቴርማል ፔስቱ (ሙቀቱን ከቺፑ የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ ሊሆን ይችላል፣ ይህ የሚታከም ነው። የብሎኖቹ ጭንቅላት ከተፋቀ ካርዱ ተከፍቷል ማለት ነውና በማን፣ ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ። አንዱ ሱቅ «ላስቲኩ ከተቀደደ አንመልስም» ብሎ ሰክቶ ለማሳየት እምቢ አለ። ሌላው ያለ ማንገራገር ሰካው፤ ካርድ የሚገዛው ከሁለተኛው ዓይነት ነው፣ ጥቂት ቢያስወድድም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የ9020 ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ነው፣ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ገመድም የለውም። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ካርድ ይሻላል» ሳይሆን «ከፓወር ሰፕላዩ ጋር ምን አደርጋለሁ» ነው። ካልነካችሁት የማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ቦርድ) ሶኬት የሚሰጠው 75 ዋት ነው፤ ያ ማለት ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቀው ዓይነት ጂቲኤክስ 1650። ከ1650ዎቹ መካከል ባለ 6 ፒን የኤሌክትሪክ ቀዳዳ ያላቸውም ስላሉ ጠርዙን ሳታዩ አትክፈሉ።

ሱቆቹ የሚያቀርቡት መፍትሔ ከሳታ (የሃርድ ዲስክ ኤሌክትሪክ መሰኪያ) ወደ ካርዱ 8 ፒን የሚቀይር ገመድ ነው። እባካችሁ ተዉት። የሳታው መሰኪያ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፣ 8 ፒኑ እስከ 150 ሊጎትት ይችላል። መጀመሪያ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ቀጥሎ ይሸታል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አያስፈልግም።

ፓወር ሰፕላዩን ለመቀየር ከወሰናችሁ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የዴሉ ማዘርቦርድ መሰኪያ የራሱ 8 ፒን ነው፤ ተራ ፓወር ሰፕላይ ባለ 24 ፒን ስለሆነ መቀየሪያ ገመድ ያስፈልጋል። አዳማ ላይ ስላላገኘሁት ከአዲስ አበባ አስላክሁ። ሁለተኛው፣ ከፊቱ «500 ዋት» ተብሎ የተጻፈበትን አትመኑ፤ ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ። በ12 ቮልት 16 አምፔር የሚል ከሆነ 12 በ16 ሲባዛ 192 ዋት ነው፣ ያ 500 ዋት አይደለም። በእጅ ሲያነሱት ባዶ ቆርቆሮ የሚመስለውም አይወሰድ። እኔ በዚህ ዕቃ ላይ የአዳማን ገበያ ከአስር ሦስት ነው የምሰጠው።

አስተማማኝ 500 ዋት ከተገኘ ለዚህ ማሽን የምመርጠው አርኤክስ 6600ን ነው፦ 132 ዋት፣ 8 ጊጋ፣ አንድ 8 ፒን። አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋው 170 ዋት ይበላል፤ አራተኛ ትውልድ አይ 5 ሊመግበው ስለማይችል ትርፉ ዋት ሙቀት ብቻ ይሆናል። አርኤክስ 6500 ኤክስቲን በርካሽ ቢሰጧችሁም እለፉት፤ ከማዘርቦርዱ ጋር በአራት መስመር ብቻ ስለሚገናኝ እንዲህ ባለ ፒሲአይ 3 (የቆየ የሶኬት ዓይነት) ማዘርቦርድ ላይ ፍጥነቱ በግልጽ ይወድቃል። የኢንቴል ካርድ አርክም ያለ ሪሳይዘብል ባር (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲያገኝ የሚያደርግ ቅንብር) አይሆንም፣ ይህ ማሽን ደግሞ የለውም። ከመክፈል በፊት ካርዱ እንዲገባ በሜትር ከሶኬቱ እስከ ሃርድ ዲስኩ ማስቀመጫ ለኩ።

ጠጋኙን ሳመሰግን አላጋንንም። ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ፔስቱን አጸዳ፣ በአዲስ ተካ፣ ገመዱን ፋን እንዳይነካ አሰረ፤ በምኖርበት አገር ለዚህ ሥራ ቀጠሮ ብቻ ሳምንት ይፈጃል። ሁለት ነገር ግን አሳስቡ። አቧራውን ለማስነፋት ጎሚስታ ጋ መውሰድ የተለመደ ነው፤ የጎሚስታ ኮምፕረሰር ከአየሩ ጋር ውሃና ዘይት ይተፋል፣ ፋኑንም ከልክ በላይ አሽከርክሮ ኩሽኔታውን ይጎዳል። ትንሽ ብሎወር ይበቃል፣ ፋኑ በጣት ተይዞ። የአዳማ ነፋስና አቧራ ሲታይ ይህ በየሦስት ወሩ የሚደገም ሥራ ነው። ሌላው ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ነው፦ የድሮው በዲዲዩ (ድራይቨር አጥፊ ፕሮግራም) በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በትንሹ ብቻ ተከፍቶ) ይጥፋ፣ ከዚያ አዲሱ ይጫን። ፋይሉ በመቶዎች ሜጋባይት ስለሚቆጠር በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ በጠጋኙ ዳታ አታስወርዱት፣ ነውር ነው።

ከአዲስ አበባ ማስላኩ ፈጣን ነው፤ ጠዋት የተሰጠ ዕቃ ከሰዓት አዳማ መናኸሪያ ደርሷል። ጉዳዩ አስተሻሸጉ ላይ ነው። ካርዱ ፀረ ስታቲክ ከረጢት ውስጥ ገብቶ በስፖንጅ ካልተጠቀለለ የፋኑ ክንፍ ይሰበራል። ደረሰኝ ላይ የካርዱ መለያ ቁጥር ይጻፍላችሁ፣ አለዚያ ስትመልሱ «የእኛ አይደለም» ይባላል።

ከውጭ የምታመጡ ከሆነ ካርዱን በእጅ ሻንጣ ያዙ። ከአሜሪካ ፓወር ሰፕላይ ለምታመጡ ጀርባው ላይ ቀይ ማብሪያ ካለ ከ115 ወደ 230 ሳታዞሩ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት፤ በእኛ 220 ቮልት ወዲያው ይፈነዳል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለም።

መብራት ሲሄድ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው ዕቃ የሚቃጠለው። ስታቢላይዘር ስትገዙ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚለቀውን ዓይነት ጠይቁ። ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው) በዋት ከ400 በታች ስለሆነ ጌም ለማስቀጠል ሳይሆን ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ነው።

ቤት ከደረሰ በኋላ «ካርዱ አይሠራም» ብሎ ከመደወል በፊት የሞኒተሩ ገመድ የቱ ጋ እንደተሰካ ይታይ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ከቀረ ካርዱ ሥራ ፈቶ ነው የሚቀመጠው። ሞኒተሩ የድሮ ቪጂኤ ከሆነ አዲሶቹ ካርዶች ያ ቀዳዳ የላቸውም፤ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ዕቃ፣ ውስጡ ቺፕ ያለው፣ ፖስታ ቤት ጋ በየሱቁ አለ። በባጃጅ ስትመለሱም ካርዱ ከማሽኑ ወጥቶ ለብቻው ጭን ላይ ይሁን፤ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ የካርዱ ክብደት ሶኬቱን ይሰነጥቃል።