ለእንግሊዝኛ መምህር የቱ ይሻላል? ፕሮጀክተር ወይስ ስፒከር?

እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። «ከራሴ ኪስ አውጥቼ ለክፍሌ አንድ ነገር ልገዛ ነው፤ ትንሿን ፕሮጀክተር ልግዛ ወይስ ስፒከር?» መልሴ ሁሌም ስፒከር ነው።

ከዋጋው እንጀምር። ፕሮጀክተር ሻጩ በነገራችሁ ዋጋ አያልቅም። ገመድ አለ፣ ማስቀመጫ አለ፣ መጋረጃ አለ። ኮምፒውተር ከሌላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ለስፒከር ግን ኪሳችሁ ያለው ስልክ ይበቃል። ዋጋውን በምትጠቀሙበት ክፍለ ጊዜ ብዛት አካፍሉት። ፕሮጀክተሩ እስኪገጠምና እስኪስተካከል ደቂቃው ስለሚያልቅ ቀስ በቀስ ቤት መቅረት ይጀምራል። ቦርሳ ውስጥ ያለ ስፒከር ግን በየቀኑ ይወጣል።

ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ሥዕሉንም ጽሑፉንም ሰሌዳው ላይ ማውጣት ትችላላችሁ። የሌላ ሰው ድምፅ ግን ከየት ይመጣል? ተማሪዎቻችሁ ዓመቱን ሙሉ የሚሰሙት የእናንተን እንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ፣ ስኮትላንዳዊ ወይም ሕንዳዊ ሲያናግራቸው ግራ ይጋባሉ። የሚደመጠው ነገር ደግሞ በነፃ ሞልቷል። የቢቢሲ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ከነጽሑፉ ይገኛል። ለጀማሪዎች የምመርጠው የቪኦኤን ዝግ ያለ ንባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 «ስፔሻል ኢንግሊሽ» ተብሎ ሲጀመር የተመሠረተው 1,500 ገደማ በሆኑ ቃላት ላይ ነበር። ስለዚህ ገንዘባችሁ ዕቃው ላይ ይዋል።

ርካሾቹ ፕሮጀክተሮች ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው በምክንያት ነው። ካርቶኑ ላይ «1080ፒ ይደግፋል» ይላል፤ 1080ፒ ከፍ ያለ የምስል ጥራት ነው። ይህ ማለት የዚያን ጥራት ቪዲዮ ይቀበላል ማለት እንጂ በዚያው ጥራት ያሳያል ማለት አይደለም። መጠየቅ ያለባችሁ «ኔቲቭ ሪዞሉሽኑ (ራሱ የሚያሳየው የምስል ነጥብ ብዛት) ስንት ነው?» ብላችሁ ነው፤ ብዙ ጊዜ 800 በ480 ገደማ ሆኖ ይገኛል። የብርሃኑም ነገር ያው ነው። ብዙ ሺህ ሉመን (የብርሃን መለኪያ) ተጽፎበት በደረጃው መለኪያ በአንሲ ሉመን ሲለካ ሁለት መቶም የማይሞላ አለ። በቀን ብርሃን አይታይም። መስኮቱ ሲጋረድ ደግሞ ተማሪው የራሱ ደብተር አይታየውም።

አንድ ባልደረባዬ የገዛው ፕሮጀክተር ውስጥ አቧራ ገባና ምስሉ መሃል ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ቀረ። ቆይቶ ማጣሪያው ተደፈነ፤ ሙቀቱ ውስጡን አቃጥሎ ምስሉ ላይ ቢጫ ጥላ አጠላበት። ጠጋኙ ከፈተው፣ አየው፣ መልሶ ዘጋው። መለዋወጫ የሚባል ነገር የለውም።

ትምህርት ቤቱ ጥሩ ፕሮጀክተር ጣሪያ ላይ ከሰቀለላችሁ በደስታ ተጠቀሙበት። የተማሪን ድርሰት አሳይቶ በጋራ ለማረም የሚያህለው የለም። እኔ የማወራው ከደሞዝ ተቆርጦ ስለሚገዛው ነው።

አሁን ወደ ስፒከሩ። ሻጩ ዘፈን ከፍቶ እንዲያሰማችሁ አትፍቀዱለት፤ ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) ጆሮን ይሸነግላል። የእንግሊዝኛ «ስ» እና «ፍ» ድምፆች ጉልበታቸው በብዛት ከ4,000 ኸርዝ በላይ ነው፤ ኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል። የድሮው የስልክ መስመር 3,400 ኸርዝ ገደማ ላይ ስለሚቆርጥ ነው ስም ስናስመዘግብ «ኤስ ነው ወይስ ኤፍ?» የምንባለው። ቤዝ ብቻ የሆነ ስፒከርም ተማሪውን እንደዚያ ያደርገዋል። ስለዚህ የሰው ንግግር ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ሂዱ። የኋላ ወንበር የሚርቀውን ያህል ራቁና ጀርባችሁን ስጡት። «ቡክ» እና «ቡክስ»፣ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ካልተለዩላችሁ ዋጋው ምንም ቢረክስ ትታችሁት ውጡ።

የገመድ መሰኪያ የሌለውን አትግዙ። አንዳንድ ስፒከር ድምፅ ሲቋረጥ ያንቀላፋል። እናንተ ኦዲዮውን አቁማችሁ፣ ጥያቄ አስመልሳችሁ ስትቀጥሉ በብሉቱዝ የመጀመሪያውን ቃል ይውጠዋል። ፈተና ላይ የተዋጠችው ቃል መልሷ ብትሆንስ? ስልካችሁ የኢርፎን ቀዳዳ ከሌለው አስማሚዋን አብራችሁ ግዙ። ሚሞሪ ካርድ የሚቀበለው ጥሩ ነው፤ ግን ብዙዎቹ ወደኋላ ትንሽ መመለስ አይችሉም፣ ትራክ መዝለል ብቻ ነው። መፍትሔው ቤት ሆኖ ኦዲዮውን በ«ኦዳሲቲ» በጥያቄ በጥያቄ መቆራረጥ ነው። ፕሮግራሙ ነፃ ነው።

ክፍል ውስጥ ጥግ ላይ አታስቀምጡት፤ ድምፁ ይደፈርሳል። መሃል ባለ ዴስክ ላይ ይሁን።

ቶሎ የሚበላሹት ባትሪውና የቻርጀር መሰኪያው ናቸው። መሰኪያው በብየዳ ይድናል። ባትሪው ብዙ ጊዜ 18650 የሚባለው ክብ ባትሪ ነው፤ እሱ ከሆነ መቀየር ቀላል ነው። ግን 9,900 ሚሊአምፒር ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን) የተጻፈበትን ከሰጧችሁ መልሱላቸው፤ ውሸት ነው። እውነተኛው 18650 ባትሪ ከ3,500 ብዙም አያልፍም። አመሳስለው የሠሩት ሐሰተኛ ስፒከርም ሲነሳ ይቀላል፤ ከፍተው ሲያዩት አንዲት ቀጭን ባትሪ ብቻ ይገኝበታል።

ትምህርት ሲዘጋ ግማሽ ድረስ ቻርጅ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ባዶውን ለወራት የተቀመጠ ሊቲየም ባትሪ ትምህርት ሲከፈት ላይነሳ ይችላል።